የአራት እጅ ጨው

ለምወድሽ እናቴ፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ እማዬ? ያ ደረጃ ስትወጪ የሚጮኸው ቀኝ ጉልበትሽ ዛሬም ይጮሃል ወይስ ታርቃችኋል? እኔ ከናፍቆትሽ በቀር ምንም የጎደለብኝ የለም። ክብደት እንደሆነ ጨምሬያለሁ፤ ስለ ምግብ የሚጽፍ ሰው ከቀጠነ ማን ያምነዋል? አባዬን ጉልበቱን ሳሚልኝ። ይህን ደብዳቤ ግን ጮክ ብለሽ እንዳታነቢለት። መጀመሪያ ብቻሽን አንብቢው፣ ከዚያ የሚሆነውን መርጠሽ ታነቢለታለሽ።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው ትዪኝ ይሆናል። በስልክማ ቁም ነገር በጀመርኩልሽ ቁጥር ድስቱ ሊገነፍል ነው ብለሽ ትዘጊብኛለሽ። አሁን ድስቱም የለም ሲሉኝ ነው ብዕር ያነሳሁት።

ወንድሜ ሁሉንም ነገረኝ። ምሳው ጨው በዝቶበት ሳይበላ ከተነሳበት ከዚያ እሑድ ወዲህ ምድጃ አላበራሽም አሉ። ምሳና እራት ከመንገዱ ማዶ ካለው ምግብ ቤት በምሳ ዕቃ እየተመላለሰ ነው አሉ። እጄ ከድቶኛል፣ ከእንግዲህ የሰው አፍ አላበላሽም ብለሻል አሉ። አባዬም የምግብ ቤቱን ጥብስ እያመሰገነ፣ ሳህኑን በዳቦ እየጠረገ ይበላል አለኝ። ወንድሜ ይህን ሲነግረኝ ይስቃል። እኔ አልሳቅሁም፤ ለምን እንዳልሳቅሁ ትደርሺበታለሽ።

እስቲ አስቀድሜ ያየሁትን ላጫውትሽ፤ ለአንቺ ካልነገርኩሽ የበላሁት አይረጋልኝም። መጽሔቱ በዚህ ዙር የላከኝ ወጥ ቤት ለወጥ ቤት ነው። አንዲት ደሴት ላይ ዓሣ የሚጠብሱ ባልቴት አገኘሁ። ዓሣውን በጨርቅ ጠርገው ጠርገው፣ ጠብታ ውሃ ሳይቀርበት ነው የጋለ ዘይት ላይ የሚያሳርፉት፤ እርጥብ ዓሣ መጥበሻ ይዞ አይለቅም ይላሉ። አንዴ ካሳረፉት ደግሞ አይነኩትም። ልገለብጥላቸው እጄን ብዘረጋ በማንኪያ መቱኝ፤ ሲደርስ ራሱ ይለቃል፣ አንቺን ምን አስቸኮለሽ ብለው። አንቺ ትዝ አልሽኝ፤ የአንቺም ምክር በማንኪያ ነበር።

ሩዝ ጠዋት ማታ የሚበላበት አገር ደግሞ ያረፍኩበት ቤት ባለቤት፣ ሩዝ ከእሳት ከወረደ በኋላ በክዳኑ ሥር ንጹሕ ፎጣ ዘርግቶ ለጥቂት ጊዜ መርሳት እንደሚያስፈልግ አሳየችኝ። እንፋሎቱን ፎጣው ይጠጣዋል፣ ሩዙም ፍሬ በፍሬ ይሆናል። ሞክሪው፣ የምራትሽ ሩዝ ከእንግዲህ አያስቀናሽም።

ልነግርሽ የፈለግሁት ግን የሦስተኛዋን ነው። የሆስፒታል ወጥ ሠሪ ናት፤ ስትስቅ የድስት ክዳን የምታንቀጠቅጥ ሴት። ለብዙ ሰው እንዴት እንደሚበሰል ልጽፍ ሄጄ ሾርባዋን አቀመሰችኝ። ወይ ጉድ! ማንኪያው አፌ ውስጥ ቀረ። ሽንኩርቱ በለዘበ እሳት ቡናማ እስኪሆን ተቁላልቷል፣ ቲማቲሙ ምድጃ ውስጥ ተጠብሶ ተጨማድዷል፣ ሰሊጡ በደረቅ መጥበሻ ተቆልቶ ተወቅጦ ተነስንሶበታል፣ ሎሚው የተጨመቀው እሳቱ ከጠፋ በኋላ ነው። ጨው የሚባል ነገር ግን የለበትም። እማዬ፣ የአንቺ ሾርባ ነበር! ካለፈው ዓመት ወዲህ የምትሠሪው፣ እኛም ምላሷ ደክሟል እያልን እየተጠቃቀስን የምንበላው፣ ያው ሾርባ።

ለማን ነው እንዲህ የምትሠሪው ብዬ ጠየቅኳት። እጇን በሽርጧ እየጠረገች፣ ሐኪም ጨው የከለከላቸው የሚተኙበት ክፍል አለ አለችኝ። ከሁሉም የሚያስቸግሩኝ አባወራዎቹ ናቸው፤ ደህና ነኝ ይላሉ፣ ልጆቼ እንዳይሰሙ ብለው ሚስቶቻቸውን ያስምላሉ፣ ከዚያ ዞር ስንል ጨው ፍለጋ ይገባሉ ብላ ሳቀች። እኔ ማንኪያውን አስቀመጥኩ። ሌላ ምንም አልጠየቅኳት። አንቺንም አልጠይቅሽም። ምስጢር የሰጠሽ ሰው አምኖሽ ነው፣ ጠብቂለት።

አሁን ወደዚያ እሑድ ልመልስሽ። እኛ ቤት የመጣ ሰው ሳሎን ከመቀመጡ በፊት ወጥ ቤት ገብቶ ክዳን ማንሳቱ ያደግንበት ነው፤ ሰላምታችን ከድስቱ ይጀምራል። አንቺ ቀሚስ ልትቀይሪ ገብተሽ ነበር። ከዚያች ሾርባ በኋላ ነገሩ አላስቀምጥ ስላለኝ ወንድሜንና ምራትሽን በየተራ በስልክ ያዝኳቸው። ወንድሜ መጀመሪያ ካደ፣ እኔ ድስት መች ነክቼ አውቃለሁ አለ። ሳፋጥጠው፣ ቆንጠር አድርጌ ነው፣ ያውም እማዬ እንዳታፍር ብዬ አለኝ። ምራትሽ ገና ሳልጠይቃት አለቀሰች፤ እሷም ቆንጠር፣ እሷም እንዳታፍሪ። አባዬ ጣቶቹን ጨው ዕቃው ውስጥ ሲከት እጅ ከፍንጅ የያዝኩት እኔው ነኝ፤ ጠቀሰኝና ወጣ። አራተኛዋን እንኳ ተያት። አባቷ ሲገባ ማንኪያዋን ከኋላዋ ደብቃ ስለነበር፣ ልናገር ብትል አፍ አልነበራትም።

እና እጄ ከድቶኛል ትያለሽ! በዚያ ድስት ላይ ጨው ያልነካው እጅ ያንቺ ብቻ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ከዓይኔ አይጠፋም። አንድ ማንኪያ ቀምሰሽ፣ የራስሽን ሳህን ትተሽ መጀመሪያ ያነሳሽው የአባዬን ነበር። ያኔ ከኀፍረት መስሎኝ ነበር። እኔ መች ጨው አበዛሁ፣ ከናካቴው አልጨመርኩም ብትዪ ነጻ ትወጪ ነበር፤ አንቺ ግን ሳህኖቹን ሰበሰብሽ። ዕድሜዋን ሙሉ ባለሙያ ስትባል የኖረች ሴት፣ ያመናትን ሰው ምስጢር ለመጠበቅ ብላ እጇ ሞተ ተብላ መታማትን መረጠች። እንዲህ የምወድሽ አይመስለኝም ነበር፤ ሁሌም እንደምወድሽ ግን አውቃለሁ።

ስለዚህ በሞቴ ምድጃውን አብሪ። ዛሬ ነገ አትበዪ። አባዬ የዚያን ምግብ ቤት ሳህን በጠረገ ቁጥር እዚህ ያለሁት እኔ እበረግጋለሁ። ወጥ ሠሪዋ የመከረችኝንም ያዢልኝ፤ ነጭ ሽንኩርቱን ግማሹን መጀመሪያ፣ ግማሹን ሊወርድ ሲል ጨምሪው። ዳቦውን ራስሽ ጋግሪው፣ የሱቅ ዳቦ ጨው ይደብቃል አለች። ለሐሜቱ አታስቢ። ለወንድሜና ለምራትሽ፣ ዓለም ጨው እየተወ ነው፣ እማዬ ቀድማችሁ ነቅታለች፣ ከእንግዲህ ድስቷን የነካ ከእኔ ጋር ነው ጠቡ ብያቸዋለሁ። ተቀበሉኝ። ስለ ምግብ የሚጽፍ ሰው ቢያጋንንም ይታመናል።

ለአባዬ ከዚህ ሁሉ ይህችን ብቻ አንብቢለት። ልጅህ ስትመጣ እንደ ልማዷ ክንድህን ይዛ ገበያውን ልትዞር ታስባለች፤ ደግሞ ለብዙ ዓመት ልትዞር ታስባለች። ስለዚህ እጅህን ከጨው ዕቃው አውጣ ብላሃለች በዪው። ምን አውቃ ነው ብሎ ከደነገጠ፣ ምንም አታውቅም በዪው።

እጅሽ ይባረክ እማዬ፣ ዕድሜ ከጤና ጋር ለሁለታችሁም ይስጥልኝ፣ ቤታችሁ የሞቀ ድስት አይጣ። ስመጣ እንደ ደንባችን መጀመሪያ ክዳኑን ነው የማነሳው፤ ሌላው እጄ ግን ኪሴ ውስጥ ይሆናል።

ሁሌም የምትናፍቅሽ፣
ቀማሿ ልጅሽ