ከደጄ ስለ ተነቀለው ፋኖስ

ለተከበሩ ግራዝማች መለሰ፣
የላይ ሰፈር የፋኖስ ኮሚቴ ሊቀ መንበር፣
መካነ ሰላም።

ክቡር ሆይ፤ ለመሆኑ ጤናዎ እንዴት ነው? ወይዘሮ ፈንታዬስ፣ ልጆቹስ፣ በቅሎዋስ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ፤ ከመግሪብ ሶላት በኋላ ግድግዳ እየዳበስኩ ቤቴ ከመግባቴ በቀር ምንም አልሆንኩም። ይህን ደብዳቤ ለእርስዎ ብቻ ሳይሆን ለሰፈሩ ሁሉ ማድረጌን እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ፤ እርስዎ የሰፈሩን ፋኖስ ሲያዛውሩ ሰፈሩን ሳያማክሩ የቀሩት ከሥራ እንዳያስፈቱን አስበው እንደሆነ ስለገባኝ፣ እኔም ከየቤቱ እየዞርኩ ሰው እንዳላስቸግር ብዬ ነው።

እንደሚያውቁት ሰፈራችን ያለው አንድ ፋኖስ ነው። ምሰሶው ከደጄ ፊት ቆሞ ሳለ ተማሪዎቼ የሆኑት ደረሶች ማታ ማታ የእንጨት ሉሃቸውን ታቅፈው ከሥሩ ቁርአን ይቀሩ፣ ድምፅ አውጥተው ያነቡ ነበር። ጎረቤቴ የቆዳ ነጋዴው ጀማሉዲን ከደሴ ላንድሮቨር ገዝቶ መጣ፤ በሩንም ለመኪናዋ ሲያሰፋ ምሰሶው መግቢያው ላይ ተገትሮ ተገኘ። ወደ እኔ በኩል ሁለት ክንድ ገፋ ቢደረግ መኪናዋ እንደ ልቧ ታልፍ ነበር። ኮሚቴዎ ግን ለሥራ ያለው ትጋት የታወቀ ነውና ምሰሶውን ነቅሎ ከሰፊው በር ወዲያ፣ ከጀማሉዲን አጥር ጥግ ተከለው። ስለዚህም ምስጋናዬንና ጥቂት ቅሬታዬን በተራ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ መኪናዋ ከደሴ የመጣችው በግንባሯ ሁለት መብራት ይዛ ነው። ሁለት ላለው ሦስተኛ መጨመር፣ አንድ ብቻ ከነበረው ላይ አንዱን መውሰድ እንዴት ያለ የሒሳብ ስሌት እንደሆነ ለማወቅ ብዙ ደከምኩ፤ አልሆነልኝም። እኔ ቁርአን እንጂ ሒሳብ አልተማርኩም። ይህች የተከበረች መኪና ከግቢ የምትወጣው ለከላላ ገበያ ብቻ፣ ያውም በጠራራ ፀሐይ መሆኑንም ሳልጠቅስ አላልፍም።

ሁለተኛ፣ ላምባውን ለሰደቃ፣ ለምጽዋት ብዬ የምሞላው እኔ ነበርኩ። ኮሚቴዎ በስብሰባው የተዛወረው ምሰሶው እንጂ የላምባው ኃላፊነት እንዳልሆነ ወስኗል ብለው ነግረውኛል። ስለዚህ ዛሬም ላምባ የምሞላው፣ ጥላሸት የያዘ ብርጭቆ የምወለውለው እኔው ነኝ፤ የሚያበራው ግን ለጀማሉዲን በር ነው። ባለመረሳቴ ኮርቻለሁ።

ሦስተኛውን ለመጻፍ እጄ ይከብደኛል። ደረሶቼ ብርሃኑን ተከትለው ሄዱ። አልፈርድባቸውም፤ ቤቴ ያለችው ኩራዝ ለአንድ ሉህ እንጂ ለዚያ ሁሉ ልጅ አትበቃም። እኔም ተከትያቸው ሄጄ በሰው ደጅ አስቀራለሁ። እኔ ዘንድ ድንጋይ ላይ ይቀመጡ የነበሩ ልጆች፣ ጀማሉዲን የቆዳ ነጋዴ ነውና፣ አሁን አጎዛ ተነጥፎላቸው ይቀመጣሉ። ለእኔም ከሁሉ የሚለሰልሰውን ለይቶ ያነጥፍልኛል። ክፉ ቢሆን እንዴት በቀለለኝ!

ቂርአት ሲያበቃ ደረሳ የተቀመጠበትን ደጅ መመረቁ የቆየ ልማዳችን ነው። ምርቃቱን ያስጠናኋቸው እኔ ነኝ። ስሜን አስጠርቼ ጉረኛ እንዳልባል ብዬ፣ «ያ ረቢ፣ የዚህን ደጅ ባለቤት ዕድሜውን አርዝምለት፣ ቤቱን ሙላለት» እንዲሉ አስተማርኳቸው፤ ያን ጊዜ ደጁ የኔ ነበር። አሁን ልጆቹ አንዲት ቃል ሳይስቱ በየምሽቱ ጀማሉዲንን ይመርቁታል። እሱም፣ አብረን አንድ ሸህ ዘንድ ስንቀራ አንዲት አጭር ሱራ መያዝ ያቃተው ሰው፣ ከመካከላቸው ተቀምጦ አይኑን ጨፍኖ አሚን ይላል። እኔም መምህራቸው ነኝና ቀድሜ አሚን እላለሁ።

ግራዝማች፣ ምን እደብቅዎታለሁ፣ ቀንቻለሁ። በመኪናዋ አልቀናሁም፤ ጥቂት ቀንቼ ከሆነም ወዲያው ትቼዋለሁ። የምቀናው በምርቃቱ ነው። ልጅ አልወለድኩም፣ መሬት የለኝም፤ ማታ ማታ እነዚያ ልጆች በአንድ ድምፅ ዕድሜውን አርዝምለት ሲሉ የምሰማው ነበር ሀብቴ። ዱዓውም ሳይሰምር አልቀረም፤ ምሰሶው ከተዛወረ ወዲህ ጀማሉዲንን ያ የከረመ ሳሉ ለቆታል፣ ላሙም ጊደር ወልዳለታለች፤ እኔን ግን ጉልበቴን ያመኝ ጀምሯል። ሰው የአንዱን ዕድል ለሌላው ሲያዛውር አይቼ አላውቅም ነበር፤ በእርስዎ ዘመን አየሁ።

ስለዚህ ኮሚቴዎ ከትልልቅ ጉዳዮቹ ሲተርፈው፣ ምሰሶውን ከበሩ ወዲህ ወደ እኔ በኩል እንዲመልስልኝ በትሕትና እለምናለሁ። መኪናዋ ትለፍ፣ መንገድ አልከለክላትም። ደጄን ብቻ መልሱልኝ።

ማዕረግዎን ፋኖሱ ከተሰቀለበት በላይ ከፍ ያድርግልኝ፤ እንደሱ ግን በየሰዉ ደጅ ከመዛወር ይሰውርልኝ እያልኩ፣ በታላቅ አክብሮት እሰናበታለሁ።

ላምባ ሞይዎ፣ ብርጭቆ ወልዋይዎ፣ በሰው ደጅ አስቀሪው
ሸህ ሷሊህ
ኅዳር ፲፱፻፷፫ ዓ.ም.

ከፊርማ በኋላ የታወሰኝ፦ ደብዳቤውን የለጠፍኩት በአዲሱ ምሰሶ ላይ ነው፤ እኔ ደጅ ቢለጠፍ ማታ የሚያነበው አይገኝም። እርስዎ ክርስቲያን ቢሆኑም የደረሶቼን አፍ እንደማይንቁ አውቃለሁ፤ አምና በቅሎዎ የጠፋች ጊዜ ዱዓ ያስደረጉት እኛው ዘንድ ነው፣ በማግስቱም ተገኝታለች። ስለዚህ ከዛሬ ማታ ጀምሮ ከባለ ደጁ ምርቃት ቀጥሎ ለእርስዎም አንድ ቃል አስጨምሬያለሁ፦ «ያ ረቢ፣ ፋኖሳችንን ላዛወረው የሥራውን ስጠው።» ልጆቹ ከሁሉ ፈጥነው የያዙት ይህንን ነው። መቼም ሥራዎ መልካም ስለሆነ የሚያሰጋዎ ነገር የለም።