የዶክተር ሞገስ ውል

ኅዳር 2፣ ሰኞ
ዛሬም ሂርና። አባባ ሱቅ ቆሜ የበሰለውን ቲማቲም ካልበሰለው ስለይ ዋልኩ። የጥርስ ሐኪም ሆኜ... ድሬዳዋ የነበረውን ሥራ ትቼ ከተመለስኩ ሰባት ወር ሞላኝ።
ከሰዓት ስልክ ጮኸ። ዶክተር ሞገስ! ጭሮ ያለው ክሊኒካቸው ሁለተኛ ወንበር አስገብቷል።
"ረዲያ፣ ልጄ፣ ነይና አብረን እንሥራ። ውሏን ፈርመሽ መጀመር ነው።"
እሺ አልኩ። ሳላስብበት። ስምንተኛ ክፍል እያለሁ የእማዬን ጥርስ ሲያክሙ ባትሪ ያስያዙኝ እሳቸው ናቸው። ሐኪም እሆናለሁ ያልኩት ያን ቀን ነው። ለእሳቸው እምቢ ብዬ አላውቅም።

ኅዳር 5፣ ሐሙስ
ጭሮ ደርሼ መጣሁ። የአዲሱ ወንበር ላስቲክ ገና አልተላጠም። ዳሰስ አደረግኩት... ደስ ሲል!
ውሉ አሥራ አንድ ገጽ ነው። እስክሪብቷቸውን ከኪሳቸው አውጥተው አቀበሉኝ። "ቤት ወስጄ ላንብበው?" ስል ሳቁ።
"ምኑ ይነበባል? እኔና አንቺ አይደለን?"
ወሰድኩት ግን። የሰረቅኩት ይመስል ቦርሳዬን አቅፌ ሄድኩ። ሚኒባስ ውስጥ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። አንቀጽ ሰባት ላይ ስደርስ እየተመለስኩ ከላይ እጀምራለሁ። ምን ማለት ነው? በትክክል ገብቶኝ ነው?

ኅዳር 6፣ ዓርብ
ለአባባ ነገርኩት። ያልገባኝ ነገር አለ አልኩ።
"ማል ታቴ? ምን ነካሽ? ሞገስን ነው የምትጠረጥሪው? ሃያ ዓመት የማውቀውን ሰው?"
ከጁምዓ ሲመለስም ያንኑ ደገመው። እማዬ ግን፣ "ካልገባሽ የሚገባውን ሰው ጠይቂ" አለች። ከዚያ ወደ ሥራዋ።

ኅዳር 10፣ ማክሰኞ
ጠበቃ ወይዘሮ ሳህሊቱ ዘንድ ሄድኩ። ቢሯቸው ጭሮ ነው፣ ፎቶ ኮፒ ቤቱ ፎቅ ላይ። ሃምሳ ዓመት ይሆናቸዋል። ግራ ጉንጫቸውን በመዳፋቸው ደግፈው ነው የሚያነቡት። አላስቻለኝም።
"ይክፈቱ እስቲ።"
በስልኬ መብራት አየሁት። መንጋጋቸው መግል ይዟል። ሁለት ወር ሙሉ ፈርተው ተቀምጠዋል! ነገ ሆስፒታል እንዲሄዱ አስማልኳቸው። "እኔ ያንቺን ወረቀት፣ አንቺ የኔን አፍ" ብለው ሊስቁ ሲሉ አመማቸው።
ከዚያ እርሳስ አነሱ። መጀመሪያ ዋናው ዲግሪዬ የክሊኒኩ ካዝና ውስጥ ይቀመጣል የሚለው ላይ አሰመሩ። "መሄድ ስትፈልጊ ማን ያወጣልሻል?" ቀጥለው ደግሞ... ሥራውን ከለቀቅኩ አምስት ዓመት በምዕራብ ሐረርጌ ጥርስ ማከም አልችልም። ሂርና የለ፣ ቦርደዴ የለ፣ ቦኬ የለ። "ፍርድ ቤት ሊያሳጥርልሽ ይችል ይሆናል። ክርክሩ እስኪያልቅ ግን የት ትሠሪያለሽ?"
አንቀጽ ሰባትን ጮክ ብለው አነበቡት። "የሕክምናውን ዓይነት የክሊኒኩ ባለቤት ይወስናል። ሐኪሟ ትፈጽማለች። በታካሚው ላይ ለሚደርስ ጉዳት ሐኪሟ ብቻ ተጠያቂ ናት።" መነጽራቸውን አወለቁ።
"እሱ ይወስናል፣ አንቺ ትጠየቂያለሽ። ሌላውን ተደራደሪበት። ይሄን ግን አትፈርሚ።"
"ክፉ ሰው አይደሉም እኮ" አልኩ።
"ክፉ ነው አላልኩሽም። ነገ ክሊኒኩን ለሌላ ሰው ቢሸጠውስ? ወረቀቱ ይቀራል፣ እሱ አይኖርም።"
ወረቀቱን አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

ኅዳር 11፣ ረቡዕ
ዶክተር ሦስት ጊዜ ደወሉ። አላነሳሁም። ምን እላለሁ?

ኅዳር 13፣ ዓርብ
ሄድኩ። ነገርኳቸው።
"ጠበቃ ዘንድ ሄድሽ?" አልጮኹም። ቢጮኹ ይሻለኝ ነበር። "የኔን ወረቀት ይዘሽ?"
በመስኮቱ ማዶ ወዳለው ሰማያዊ በር ጠቆሙኝ። እዚያ ክሊኒክ የከፈተው እሳቸው ያሠለጠኑት ልጅ ነው ለካ። ስልክ ቁጥሮቹን ከካርዶቹ ላይ ገልብጦ ታካሚዎቻቸውን እየጠራ ወስዷል። "ከዚያ በኋላ ነው ይሄን ያጻፍኩት" አሉ። አሳዘኑኝ። ሐሳቤን ልቀይር ምንም አልቀረኝም ነበር...
"ከለቀቅኩ ሁለት ዓመት ጭሮ ውስጥ አልሠራም፤ እሱን እፈርማለሁ" አልኩ። "የዲግሪዬን ኮፒ እሰጥዎታለሁ። ሰባተኛው ግን ይውጣ።"
"ሠላሳ ዓመት የሠራሁበት ሙያ ነው። አንቺ ልታርሚኝ?"
"ላርምዎት አይደለም። ታካሚው አፍ ውስጥ የሚገባው እጅ የኔ ነው።"
ይሄን እኔ ነኝ ያልኩት? ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ ከተቱት። "ሂጂ። አስብበታለሁ።"

ኅዳር 14፣ ቅዳሜ
ከዶክተር ስልክ የለም።

ኅዳር 17፣ ማክሰኞ
የለም። ስልኬን አጥፍቼ አበራሁ። ኔትዎርክ ይሆን? ጫማዬን አድርጌ እስከ መናኸሪያ ሄድኩ፣ ረዳቱ "ጭሮ ነሽ?" ሲለኝ ተመለስኩ። አባባ አያናግረኝም። ቲማቲሙን ብቻ ያቀብለኛል።
ዝም ብዬ ብፈርም ምን ነበረበት? ስንቱ ይፈርም የለ?

ኅዳር 20፣ ዓርብ
ክሊኒኩ ካርድ ክፍል የምትሠራው ሰርካ ደወለች። "እሷ ነገረችኝ እንዳትይ... ከሐረር አንድ ሐኪም መጥቶ ፈርሟል።"
አለቀ በቃ። ላለቅስ ፈልጌ እንባው አልመጣ አለኝ። አባባ "ይኸው" አለ።

ኅዳር 24፣ ማክሰኞ
ዶክተር ሞገስ ራሳቸው ሂርና መጡ! አባባ ወንበር እስኪያመጣ አልጠበቁም፣ የሽንኩርት ጆንያ ላይ ቁጭ አሉ።
"ያ የሐረሩ ልጅ ፊቴ ተቀምጦ ፈረመ" አሉ። "አንድ ገጽ አልገለጠም። መጀመሪያ ደስ አለኝ። ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ይሄ ልጅ የታካሚ ካርድስ ያነባል? አልኩ። በማግስቱ ይቅርታ ጠይቄ ሸኘሁት።"
አዲስ ወረቀት ሰጡኝ። ሰባት ገጽ። የዲግሪው ነገር የለም። ክልከላው ጭሮ ብቻ፣ ሁለት ዓመት ብቻ። ሕክምናውንም ሐኪሟ ከታካሚው ጋር ተነጋግራ ትወስናለች ይላል። ቁጭ ብዬ እስከ መጨረሻው አነበብኩት፣ ሁለቱም እያዩኝ።
"ጠበቃዋ ይዩትና እፈርማለሁ" አልኩ።
አባባ አፈጠጠብኝ። ዶክተር ሳቁ። ከልባቸው ይሁን አይሁን... አላወቅኩም።

ኅዳር 27፣ ዓርብ
ወይዘሮ ሳህሊቱ አንዲት ቃል አስተካክለው መለሱልኝ። ፈረምኩ።

ታኅሣሥ 15፣ ማክሰኞ
ከቦኬ የመጣች መምህርት። ኡምኩልሱም ትባላለች። ባጃጅ ተገልብጦባት የፊት ጥርሷ ተመቶ ጠቁሯል። ራጅ አነሳኋት። ሥሩ አልተሰበረም። ጫፉ ላይ ግን ቁስል አለ።
ዶክተር መጥተው ራጁን አዩ። "ይነቀል። ሰው ሠራሽ እናስገባላታለን። ይሄ አይቆይም።"
እጄን ለቀም አደረገችው። "ሂን ቡቂሲን! አትንቀይብኝ! ተማሪዎቼ ፊት እንዴት ብዬ እቆማለሁ?"
ራጁን እንደገና አየሁ። አሳዝናኝ ነው? ትንሽ አዎ... ግን ሥሩ ደህና ነው። ደህና ነው።
"አይነቀልም ዶክተር" አልኩ። "ነርቩን አውጥቼ ሥሩን አክመዋለሁ።"
ጓንታቸውን አወለቁ። "ካልያዘስ?"
"ላይዝ እንደሚችል አሁኑኑ እነግራታለሁ። ካልያዘም የምነቅለው እኔ ነኝ።"
ወጡ። በሩን ቀስ አድርገው ዘጉት። ለመምህርቷ ሁሉንም ነገርኳት። "ሞክሪልኝ" አለች።
አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀብኝ።
ሐሙስ ትመለሳለች። ያብጥባት ይሆን? ዶክተር ልክ ቢሆኑስ? መጽሐፌን ሁለቴ ገልጬ አየሁ። አሁንም ልነሳና ላየው ነው...
ግን ዛሬ ያስጨነቀኝ ጥርሷ ነው። እሳቸው አይደሉም።