ከስፌት መኪናዬ በላይ ያለው ወረቀት

ልጄ፣ እንደምን አለሽልኝ? የወጣሽበትን ጉዳይ ፈጽሞልሽ በሰላም ያግባሽ። እኛ ደህና ነን፤ የአባትሽም ጉልበት ተሽሎታል።

የዓለም አቀፍ ግንኙነት ዲግሪ ለማግኘት ማለፍ ያለብሽን ትምህርት ዘርዝረሽ የላክሽልኝን ወረቀት ከስፌት መኪናዬ በላይ ለጥፌዋለሁ። አንዱን አለፍኩ ባልሽ ቁጥር በሰማያዊው የልብስ ጠመኔ እሰርዘዋለሁ። ኢኮኖሚክሱ፣ ሁለተኛው የውጭ ቋንቋ፣ ያ ያስለቀሰሽ ስታትስቲክስ ሳይቀር ተሰርዟል። የቀረው የመመረቂያ ጽሑፍሽ ብቻ ነው። ደንበኞቼም ሊለኩ መጥተው መጀመሪያ የሚያዩት ወረቀቱን ሆኗል። ጎረቤታችን ጫማ ሰፊው ትናንት «ልጅሽ አገር ከአገር ልታስታርቅ ነው አሉ፤ እኔንና ባለቤቴንስ መቼ ነው?» አለኝ። «እናንተ ከአቅሟ በላይ ናችሁ» አልኩት።

ደስታው አላስችል ቢለኝ የምረቃ ቀሚስሽን ሰፋሁት። ካለቀ በኋላ ነው ነገሩ የገባኝ። የሰፋሁት ደብተሬ ላይ ባለው ልክሽ ነው፤ እሱ ደግሞ የዛሬ አራት ዓመት ስትሄጂ የለካሁሽ ነው። የሰፈሩን ሰው ሁሉ ልክ በቃሌ አውቃለሁ፣ የልጄን ግን አላውቅም። ፈትቼዋለሁ፤ ጨርቁ ትርፍ ስላለው አታስቢ።

ጽሑፉ ላይ አቀርቅረሽ ምግብ እንዳትረሺ። ከክፉ ይጠብቅሽ፣ ቀሚሱን በእጄ አልብሼሽ ለማየት ያብቃኝ። እስከዚያው ልክሽን ላኪልኝ፤ ጓደኛሽ ትለካሽ እንጂ ራስሽ አትለኪ። ራሱን የሚለካ ሰው ሆዱን ስቦ ነው የሚለካው። እኔ የምሰፋው እንደ ልቧ ለምትተነፍስ ልጅ ነው።

እናትሽ