ባልሽ ያመጣው የፍሬን ፔዳል

ጉለሌ፣ ኅዳር 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለቤዛዊት፣ አሰላ፤

እንደምን አለሽ? እኔ አለሁ፤ አለህ ወይ ያለኝ ሰው ባይኖርም። ስልክሽን ያላነሳሁት ጆሮዬ ታሞ አይደለም። የስልክ ወሬ ይረሳል ብዬ ነው። ፊደሌ ቢጣመምም በገዛ እጄ ነው የጻፍኩት፤ ማንንም አላስጻፍኩም።

ባልሽ ሌሊሳ የፍሬን ፔዳል ዕቃ ይዞ መጥቶ ነበር። ላስቲኩን፣ ሞላውን፣ ፒኑን በጋዜጣ ጠቅልሎ።

«አባባ፣ ለቮልስዎ የሚሆን አሰላ አግኝቼ ነው» አለኝ።

«ልጄን ስትወስድ ሽማግሌ መላክ ያላወቅህ ሰው፣ ዛሬ ሞላ ማምጣት አወቅህ?» ብዬ ከበር መለስኩት። ዕቃውን ደፉ ላይ አስቀምጦ ሄደ። በእነሱ ጸሎት ቤት ስትጋቡ እግሬን አላነሳሁም፤ አሁንም ቢሆን አላነሳም። እናትሽ በሕይወት ብትኖር… ተይው በቃ።

ዕቃውን ሳጥን ውስጥ ቆለፍኩበት። መካኒኩን ቶሎሳን አሮጌውን ፒን በይድልኝ አልኩት። «ጋሼ ስብሐት፣ ይሄ እኮ አልቆለታል» አለኝ። «አንተ በይድ!» በየደ። ከእንጦጦ ማርያም ስወርድ ፔዳሉን ብረግጠው በዚያው ወርዶ ቀረ። የእጅ ፍሬን እየጎተትኩ ሄጄ ሰው አጥር ላይ ተለጠፍኩ። ፓራፋንጎው ተጨራመተ። እኔ ምንም አልሆንኩም፤ ጉልበቴን ትንሽ ነው። ቶሎሳ መጥቶ የቆለፍኩትን አዲስ ዕቃ ሳሳየው፣ «መድኃኒቱን ቆልፈውበት በሽታውን ይራገማሉ!» ብሎ ሰው ፊት ሳቀብኝ።

ምን ላድርግ፣ የባልሽን ዕቃ አስገጠምኩ። ልክክ አለ። ሞላው ፔዳሉን ቶሎ ይመልሳል፤ ላስቲኩም ንቅንቅ አይልም። ማመስገኔ እንዳይመስልሽ።

ማርገዝሽን ከጎረቤታችን ከደሳለች ሰማሁ። ከጎረቤት አፍ! «የመጀመሪያ ልጅ እናት ቤት ነው የሚወለደው» አለችኝ። «እናትየው የለችም» ብላት፣ «ቤቱስ የለም? ገንፎውን እኔ አገነፋለሁ» ብላ ጮኸችብኝ። ሁሉም በቤቴ አዛዥ ሆኗል። እኔ ነይ አላልኩሽም። አሰላ ድረስ መጥቼም አልለምንሽም። የቮልሷን የኋላ ወንበር ግን አስጠግኛለሁ፤ ወገብ ይወጋ ነበር። ጳውሎስ ሆስፒታልም ከቤታችን ቅርብ ነው፤ ታውቂዋለሽ።

ማርያም በሽልም ታውጣሽ።

አባትሽ ስብሐት

ለባልሽ ንገሪው፤ ያ ያመጣው ላስቲክ ይላቀቃል። ራሱ መጥቶ ይየው። ብቻውን ግን አይምጣ፤ መንገዱ ሩቅ ነው።