ሱቄን አልዘጋም

ልጄ፣ የረገጥሽው ምድር ይለምልምልሽ፤ ክፉ አይንካሽ። እኛ ደህና ነን።

ትናንት ወንድምሽ አንቺ ልከሽው «የፍራሽ ሱቁን ቁልፍ አምጪ» አለኝ። ፍራሽ አሸክሜ ደንበኛ ቤት ሰደድኩት!

አልዘጋም። ደረቴን ያፈነኝ ሥራው አይደለም፤ ፍርሃቴ ነው። ብርድ እንዳይመታኝ ብዬ መስኮቱን ጥርቅም አድርጌ ጥጥ ስነድፍ፣ ለካ ብናኙን ስምግ ኖሬያለሁ። ሐኪም ቤት ያየችኝ ነርስ ይህን ስነግራት ሳቀችብኝ። አሁን መስኮቱ ወለል ብሏል፤ ወንድምሽ ጥጡን ደጅ ይነድፋል፣ እኔ እሰፋለሁ። ደረቴን ጭምቅ ሲያደርገኝ ቀጥ ብዬ ተቀምጬ በአፍ የሚሳበውን መድኃኒት በዝግታ እስባለሁ። ካልተሻለኝ ሐኪም ቤት እሄዳለሁ፤ ግትር ነኝ እንጂ ሞኝ አይደለሁም።

እግዜር ድምፅሽን አያሳጣኝ። አደራሽን፣ ስትደውዪ «ደረትሽ እንዴት ነው?» ከማለትሽ በፊት «ገበያ እንዴት ነው?» በይኝ።