የእናትህ ወንበር ክንዶች

ታዴዬ፣

ከሄድክ ወዲህ ቡና ሁለት ጊዜ ተለቅሟል። ሰው ሁሉ ጊዜው እንዴት ይሮጣል ይለኛል፤ ለእኔ አልሮጠም፣ አልቆመምም፤ እንደ ወትሮው ነው የሄደው። ለአንተ ስጽፍ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። በደህናው ጊዜ ለሥራ ቴፒ ስትከርም እንኳ በስልክ እጮህብህ ነበር እንጂ ወረቀት አንሥቼ አላውቅም። አሁንም ሆድ ብሶኝ አይደለም የምጽፈው፤ ልቅሶውን በጊዜው ጨርሼዋለሁ። የእናትህ ወንበር ላይ የደረሰውን ነገር ማወቅ ያለብህ አንተ ስለሆንክ ነው። ለሌላ ሰው ብናገር፣ ስለ አንድ ወንበር ይህን ሁሉ ታወሪያለሽ ወይ እባላለሁ።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። ልጃችን ምሕረት ቴፒ ካምፓስ ገብታለች፤ የምትደውለው የካፌውን ወጥ ለማማት ነው፣ ድምጿ ግን ወፍሯል፣ ተመችቷታል። ሥራ ቤትህን አብሮህ ይሠራ የነበረው ከድር ይዞታል። ብየዳውን እንደ ድሮው ይሠራል፤ የእንጨቱን ሥራ ግን ያለ ታደሰ አልነካም ብሎ ትቶታል። በሩ ላይ ያለውን ስምህንም አላወረደውም፤ ደንበኛ ሲመጣ አንተን ነው የሚጠይቀው፣ እሱም ሰልችቶት አንዳንዴ ወጣ ብሏል ይላል አሉ። የጓሮው በር እንደተንጋደደ ነው። ዝናቡም ያው ነው።

እናትህ ደህና ናቸው። ወደ ወንበሩ የሚወስደኝም ይኸው ነው።

ወንበሩን የሠራህበትን ሰሞን አስታውሰዋለሁ። ወድቀው ዳሌያቸውን ከተጎዱ በኋላ እናትህ ሁለት ነገር ብቻ ነበር የሚፈልጉት፤ ሁለቱ ግን አልስማማ አሉ። አንደኛው ቡና መልቀም ነው። ሰፌዱን ጭናቸው ላይ አድርገው ሲለቅሙ የወንበሩ ክንድ ከፍ ካለ ሰፌዱን ይገፋዋል፣ ክርናቸውም ወደ ላይ ተሰቅሎ ትከሻቸውን ያማቸዋል። ሌላው ደግሞ እንግዳ ሲገባ ብድግ ብሎ ኖር ማለት ነው። ለቤት ሰው አይነሡም፤ ለእኔማ ገና ሙሽራ ሆኜ ስገባም አልተነሡም፣ ምራት ናት ብለው። ለእንግዳ ግን ሳይነሡ ከቀሩ እህል አይወርድላቸውም። ክንዱ ዝቅ ካለ ደግሞ ተመርኩዘው የሚነሡበት ነገር የለም።

መጀመሪያ ትራስ ደራረብክላቸው። ቀጥለህ ረጅም ወንበር አመጣህ፤ እግራቸው መሬት አልነካ ሲል፣ እንደ ሕፃን ተንጠልጥዬ ልሙት ወይ ብለው ተቆጡህ። ከዚያ ነው መቀመጫውን ትተህ ክንዱን ማሰብ የጀመርከው።

አራት ማዕዘን ቱቦ ወሰድክ፤ ቀጭኑ በወፍራሙ ውስጥ ልክክ ብሎ የሚገባ። ወፍራሙን ከመቀመጫው ጎንና ጎን በየድከው፣ በቀጭኑ ጫፍ ላይ የዋንዛ እንጨት አሰርክ። እንጨቱ ከብረቱ ጋር ይወጣል፣ ይወርዳል ማለት ነው። እንዲቆም ቀዳዳ በስተህ ብሎን ብታሳልፍበት፣ እናትህ ጎንበስ ብለው ብሎን የሚነቅሉበት ወገብ የላቸውም። ያንን ጥለህ ቀጭኑን ቱቦ በአንድ ጎኑ እንደ መጋዝ ጥርስ ሞረድከው። በወፍራሙ አፍ ላይ ደግሞ ትንሽ የብረት ምላስ አደረግክ፣ ከኋላዋ ሞላ የሚገፋት። ክንዱን ወደ ላይ ሲስቡት ምላሷ ቀጭ ቀጭ እያለች ታሳልፈዋለች፤ ወደ ታች ሲጫኑት ጥርሱን ነክሳ ትይዘዋለች። ዝቅ ለማድረግ ከጎን ያለችውን ቀለበት ሳብ ማድረግ ብቻ ነው። ጥርሱን ወደ ውጭ ያዞርከው የእናትህን ነጠላ እንዳይነክስባቸው ነበር፤ ምላሷም በዚያው በውጭ በኩል ሆነች።

እኔ ብረቱን ይዤ አንተ ትሞርድ ነበር። ይህች ቀጭን ሞላ እንዴት ሰው ትሸከማለች ብዬ ብጠይቅህ፣ ሰውን የሚሸከመው ጥርሱ ነው፣ የሞላዋ ሥራ ምላሷን ወደ ጥርሱ ማስጠጋት ብቻ ነው አልከኝ። እሺ አልኩህ፤ ስላመንኩህ አይደለም፣ እጄ ደክሞኝ ነው። በመጨረሻ በቀኙ እንጨት ላይ ለአውራ ጣታቸው ጎድጎድ ያለች ቦታ ፈለፈልክ፣ ጉልበታቸው በቀኝ እጃቸው ስለሆነ። ከዚያ የዕድሩን ወንበሮች ስትጠግን ከተረፈህ ሰማያዊ ቀለም እግሮቹን ቀባህ። ጣጣውን ሁሉ ያመጣው ያ ቀለም ነው።

አንተ ያረፍክ ዕለት እናትህ መሬት ፍራሽ ላይ ተቀመጡ፤ ልጁን የቀበረ ወንበር ላይ አይቀመጥም። ወንበራቸው ውጭ ድንኳኑ ውስጥ ከዕድሩ ወንበሮች ጋር ተደባለቀ። ድንኳኑ ሲፈርስ የዕድሩ ዕቃ ሹም ጋሽ አሰፋ ሰማያዊ እግር ያለውን ሁሉ አስጭነው ሄዱ። እኔ የት ልብ ልበል? እናትህ ከፍራሹ ሲነሡ ወንበሩ የለም። ሰው በዚያ ግርግር ሰርቆታል ብዬ ተውኩት።

ከዚያ በኋላ እናትህ በድሮው በርጩማ ላይ ሆኑ። ሰው ሲገባ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። እኔም ተኝተዋል እላለሁ፤ እንግዳውም ድምፁን ዝቅ አድርጎ ትንሽ ተቀምጦ ይወጣል። እንግዳን ቁጭ ብሎ ከመቀበል የተኛ መምሰል ይሻላል ብለው ነው፤ አልነገሩኝም፣ ገባኝ። እየቆየ ሰዉም መምጣቱን ተወ። የተኛ ሰው ቤት ማን ይመላለሳል?

ወንበርህ ግን ለካ ከለቅሶ ቤት ወደ ለቅሶ ቤት ሲዞር ነበር የከረመው። ባለፈው በሸኮ መንገድ በኩል አንዲት የዕድራችን ሴት አርፋ ለቅሶ ልደርስ ሄድኩ። ቀብሩ አልፎ ነበር። ስገባ ባሏ፣ ዕድሜ የጠገቡ ሽማግሌ፣ ጥግ ላይ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፤ ጉልበታቸው ስለማይታጠፍ ፍራሹ ላይ ማስቀመጥ አልተቻለም አሉ። እኔን ሲያዩ ክንዶቹን ቀጭ ቀጭ አድርገው ከፍ አደረጉና፣ ተጭነው ተነሡና፣ «ኖር» አሉኝ። ለእኔ ለልጃቸው እኩያ። በድምፁ አወቅኩት፣ ታዴ። እንጨቱን ከማየቴ በፊት ቀጭ ሲል አወቅኩት።

ወንበሩ የኛ ነው ማለት አልቻልኩም። አጽናንቼ፣ ጸሎት ተደርጎ፣ ወጣሁ። ቤት ገብቼ ለእናትህ ስነግራቸው ይቆጡኛል ብዬ ነበር። እሳቸው ግን ሰውዬው ያለ ደጋፊ ነው ወይ የተነሣው ብለው ጠየቁኝ። አዎ አልኳቸው። እንግዲያው ሐዘኑን እስኪጨርስ ይቀመጥበት፣ ከዚያ ግን አሰፋ ራሱ ተሸክሞ ያምጣልኝ አሉ።

ጋሽ አሰፋ በጀርባቸው አልተሸከሙትም፤ በባጃጅ ነው ያመጡት። ይቅርታቸውን ከባጃጁ ሳይወርዱ ጀመሩ፤ ቀለሙ ነው ያሳሳተኝ እያሉ፣ ታደሰ ነው ጥፋተኛው እስከ ማለት ደርሰው ነበር። ክንዶቹ በባጃጁ በር አላስገባ ስላሉ ወደ ላይ መዘው አውጥተዋቸው ነበር፤ እዚሁ ደጅ ላይ መልሰው ሰኩልኝ።

እናትህ የዚያን ዕለት ፀጉራቸውን ተሠርተው ነበር የጠበቁት። ተቀመጡ፣ ክንዶቹን ከፍ አደረጉ፣ ገፍተው ሊነሡ ሲሉ የቀኙ ወደ ታች ሸርተት አለ። ደርሼ በብብታቸው ባልይዛቸው ኖሮ ሌላ ነገር ነበር የምጽፍልህ። አልጮኹም። መልሰው ተቀመጡ፣ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አኖሩ።

ከድርን አስጠራሁት። የክንዱን የፊት ጫፍ ጫን ጫን ሲያደርገው ብረቱ ዘንበል ብሎ ስለሚጣበቅ የሚይዝ ይመስላል፤ ከላይ በቀጥታ ሲጫኑት ግን ይወርዳል። ሞላው ደክሟል፣ እንዲህ ያለ ሞላ ደግሞ ከየት እንዳመጣው ታደሰ ብቻ ነው የሚያውቀው አለ። ስለዚህ ይበየድ፣ አንድ ቦታ ይቁም፣ ቢያንስ አይጥላቸውም አለ። ከፍ ብሎ ነው ዝቅ ብሎ የሚበየደው ብሎ እናትህን ጠየቃቸው። ከፍ ካለ ቡና መልቀም ቀረ፤ ዝቅ ካለ መነሣት ቀረ።

«ዝቅ አድርገው» አሉት። «ከእንግዲህ የምነሣለት ሰው የለኝም።»

ከድር ወደ እኔ ዞረ፣ እኔ ወደ መሬት አየሁ። የጣላቸውን ወንበር እመኑት ብዬ ልከራከር? ነገ መሣሪያዬን ይዤ እመጣለሁ ብሎ ሄደ።

ሲነጋ መብራት የለም። የሚዛን ከተማን መብራት አንተ ታውቀዋለህ። ደጋግሞ ጠፋ፤ ያለ መብራት ብየዳ የለም፤ ከድርም መብራቱን እየተራገመ በስልክ ቀጠሮ ያራዝማል። ለመጀመሪያ ጊዜ ያንን የመብራት መሥሪያ ቤት አመሰገንኩት።

እናትህ ክንዶቹ ወደ ታች እንደወረዱ ተቀምጠው ቡና ይለቅማሉ። እኔ አጠገባቸው ጎመን እቀነጥሳለሁ። ሳስተውላቸው፣ መልቀሙን ባረፉ ቁጥር ቀኝ አውራ ጣታቸው እንጨቱን ይዳብሳል፣ ወዲያና ወዲህ ይላል፣ የጠፋበት ነገር ያለ ይመስል። ኋላ ግራ እጃቸውን በግራው እንጨት ላይ አሳረፉ። ቀና አሉ።

«በላይነሽ፣ ይሄ ቀኜ አይደለም።»

መጀመሪያ እጃቸውን የሚሉ መስሎኝ ደነገጥኩ። ሄጄ ዳሰስኩት። አንተ የፈለፈልካት የጣት ቦታ በግራ በኩል ነበረች። ጋሽ አሰፋ ክንዶቹን አቀያይረው ሰክተዋቸዋል! ጥርሶቹ ሁሉ ወደ ውስጥ፣ ወደ እናትህ ነጠላ ዞረዋል፤ ምላሷ ደግሞ በውጭ በኩል ልሙጥ ብረት ላይ ተለጥፋ ትጠብቃለች። የምትነክሰው የላትም። ሞላዋ አልደከመችም፤ ስታስጠጋ ነበር፣ የምታስጠጋበት ነው የጠፋው። ያን ጊዜ ብረቱን ይዤልህ የነገርከኝ ነገር የገባኝ አሁን ነው፤ ዘግይቷል፣ ምን ይደረግ።

እናትህን አልጋ ላይ አስቀምጬ ሁለቱንም መዝዤ አወጣሁ፣ አቀያየርኩ፣ ቀለበቶቹን ሳብ እያደረግኩ ጥርሱን ወደ ውጭ አድርጌ ሰካሁ። ቀጭ አለ። ግራውም ቀጭ አለ። ራሴ ተቀምጬ በሙሉ ክብደቴ ተጫንኩት፤ ክብደቴን ደግሞ ታውቀዋለህ፣ አልቀነስኩም። ፍንክች አላለም። ተቀመጡ፣ ሞክሩት ብላቸው ግን እምቢ አሉ። ተቀመጡበት እንጂ አልተነሡበትም። የጣለ ነገር አንዴ ይበቃል አሉ። አልተጨቀጨቅኩም፣ ወደ ገበያ ወጣሁ።

ስመለስ ዝናብ ደብድቦኛል፣ በአንድ እጄ ቆጮ፣ በሌላው ሙዝ ይዤ፣ ጫማዬ ጭቃ ብቻ ሆኖ በሩን በክርኔ ገፋሁት። እናትህ ሰፌዱን አስቀድመው መሬት አስቀምጠውታል። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ ሲል ሰማሁ። ተጫኑ፣ ትንሽ ተንቀጠቀጡ፣ ተነሡ። ቀጥ ብለው ቆሙ።

«ኖር» አሉኝ።

እኔን ምራታቸውን። እጄ ሙሉ ነው። ቆጮውንም ሙዙንም ሳላስቀምጥ በእግዜር አልኩ። ከዚያ፣ ለሙከራ ነው ደግሞ፣ ሌላ እንዳይመስልሽ አሉኝና ተቀመጡ። ለአንተ ሲሉ ነው የተነሡት ብዬ ብጽፍልህ ደስ ባለህ፤ ግን አይደለም። ለእኔ ነው የተነሡት።

መብራት ሲመጣ ከድር ገመዱን ትከሻው ላይ ጠምጥሞ ደረሰ። ለእሱም ተነሡለት። እማማ ኧረ በአላህ ይቀመጡ እያለ ኋላ ኋላ ሲል ገመዱ ጠልፎት ሊወድቅ ነበር፤ እናትህ ለብዙ ጊዜ ያልሳቁትን ሳቅ ሳቁ። ሳይበይድ ሄደ። ከመሄዱ በፊት ግን ቀኙ ብረት ላይ ቀ፣ ግራው ላይ ግ ብሎ በሹል ብረት ጻፈልኝ። እግሮቹንም ቢጫ ቀባናቸው። አሁን ሰው እንደገና መግባት ጀምሯል፤ ሸኮ መንገድ ያሉት ሽማግሌም በከዘራቸው መጥተው ነበር። ሁለቱ፣ እርስዎ ይቀመጡ፣ የለም እርስዎ ሲባባሉ ቡናው ቀዘቀዘ።

እንግዲህ ይኸው ነው፣ ታዴ። ቃል የምገባልህ ትልቅ ነገር የለኝም። መቃብርህ ላይ አበባ አመላልሳለሁ ብዬ አልዋሽህም፤ ዳገቱን ታውቀዋለህ፣ ጉልበቴም የድሮው አይደለም። ዝናቡ ሲበረታ ግን ብረት እዚህ አገር ቶሎ ይዝጋል። ስለዚህ በጨርቅ እየወለወልኩ ምላሷ ላይ የዘይት ጠብታ አደርጋለሁ፣ ሞላዋ እንዳትያዝ። ያን ባደረግኩ ቁጥር አንተን አስብሃለሁ፤ እናትህ በተነሡ ቁጥርም እንዲሁ። እሳቸው መነሣት ሲያቅታቸው እኔ እቀመጥበታለሁ፤ ያኔ ለምሕረት አሳያታለሁ፣ ጥርሱ ወደ ውጭ ነው ብዬ።

በላይነሽ