ስድስት የጄሶ መንጋጋ

ሐሙስ፣ ኅዳር 11 ቀን

ውድ ልጄ፣

የአንቺን ጤና ከመጠየቄ በፊት የእናትሽን ልንገርሽ፤ አለዚያ ስልክ ላይ ፊቷን የማታሳይሽ ተቀይማሽ እየመሰለሽ ትኖሪያለሽ። አልተቀየመችሽም፤ ታማ ነው። ካሜራው ተበላሽቷል የተባልሽው ውሸት ነው፤ እኔም አብሬ ዋሽቻለሁ።

አንቺ በሄድሽ ዓመት ሁለት የታች ጥርሶቿ ተነቅለው ተነቃይ ጥርስ ሠራሁላት። በዓመቱ አልገጥም አላት። ሞርጄ አስተካከልኩት፤ ደግሞ እምቢ አለ። እንደገና የአፏን ልክ በጄሶ ወስጄ ሌላ ሠራሁ። እንዲህ እያልን ስድስት ዓመት ሞላን። የደንበኛው ሁሉ ልክ ሲሆን የገዛ ሚስቴ ጥርስ ብቻ አልሆን ሲለኝ እጄ አርጅቷል ብዬ መነጽር ቀየርኩ። እሷም የሰው አፍ አሳምረህ በእኔ ትቀልዳለህ እያለች ትስቅብኝ ነበር።

ባለፈው ሰኔ መደርደሪያውን ሳጸዳ የእሷን የጄሶ ቅርጾች በዓመታቸው ተራ ደረደርኳቸው። የመጀመሪያው ላይ የላይ ጥርሷ የታቹን ይሸፍናል። አራተኛው ላይ ጫፍ ለጫፍ ገጥሟል። ስድስተኛው ላይ የታቹ አልፎ ወጥቷል፤ በጥርሶቿ መሐልም የክብሪት እንጨት ያስገባል። ለካ ጥርሱ ምንም አልሆነም። በሃምሳ ሁለት ዓመቷ መንጋጋዋ እያደገ ነበር። ልጄ፣ አፈርኩ።

ሐኪም ቤት ወሰድኳት፤ በሽታው አክሮሜጋሊ ይባላል። ሐኪሟ እንዳስረዳችን በሰው ሁሉ አንጎል ሥር የአተር ፍሬ የምታህል ዕጢ አለች፤ እሷ ላይ የበቀለ እባጭ የዕድገት ሆርሞን ከልክ በላይ ሲያመርት ኖሯል። የቅንድቧ አጥንት ወደ ፊት ወጥቷል፤ አገጯ ረዝሟል፤ አፍንጫዋና ከንፈሯ ወፍሯል። ምላሷ ስለተለቀ ንግግሯ ከበድ ይላል፤ ድምጿም ጎርንኗል። ስለ ማንኮራፋቷ እኔ አልነግርሽም፤ ጎረቤት ይነግርሻል።

የዛሬ ሦስት ሳምንት በአፍንጫዋ በኩል ገብተው እባጩን አወጡት። ደህና ነች። ሥጋው በጊዜ ጥቂት ይቀንሳል፤ አጥንቱ ግን ወደ ነበረበት አይመለስም ተብለናል። እሷም ይህን ከሰማች ወዲህ መስታወት አታይም።

በሚቀጥለው ወር እንደምትመጪ ስታውቅ ደብዳቤ እንድጽፍልሽ አዘዘችኝ። «እናቴን ብላ መጥታ ሌላ ሴት በር ከፈተችላት እንዳይባል። ትቅር በላት» አለችኝ። እሺ አልኳት። እየጻፍኩ ያለሁት ግን ሌላ ነው።

ነይ። በሩን እሷ እንድትከፍትልሽ አደርጋለሁ። መንጋጋዋን በሚሊሜትር ስለካ የኖርኩት እኔ አንድ ቀን እንኳ ቀና ብዬ ፊቷን አላየሁትም፤ አንቺ እይው። አይተሽም ወዲያው «እማዬ» በያት። ትንሽ ከዘገየሽ ሰከንዱን ትቆጥረዋለች።

መንገዱን አቅንቶ በሰላም ያግባሽ።

አባትሽ